ጎበዝ አንባቢ

ማኅደረማርያም ምንባቡን አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ ስትጨርስ መምህርቷ በኩራት ቀና አለች። የቄሱን ልጅ ከአራተኛ ክፍል ሁሉ መርጣ ያስነሳቻት ለዚሁ ነበር። ትምህርቱን ሊገመግም ከደብረ ብርሃን የመጣው ሱፐርቫይዘር መጽሐፉን ከልጅቷ እጅ ወስዶ ከደነው።

«ጎበዝ የኔ ልጅ! እስቲ ንገሪኝ፣ ገበሬው በሬውን ለምን ሸጠው?»

ልጅቷ ደስ አላት። ዓይኗን ጨፍና፣ ከአባቷ ጋር ዳዊት ስትደግም እንደምታደርገው ወዘወዝ እያለች፣ ምንባቡን ከርዕሱ ጀምራ በቃሏ ታንበለብለው ጀመር። በሬው የተሸጠበትንም ቦታ ሳትቆም አለፈችው።

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ባነበበች ቁጥር «ጎበዝ» ብላታለች እንጂ ስለ ገበሬው አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም። ማኅደረማርያም ስትጨርስ ዓይኗን ገልጣ ፈገግ አለችላት። ክፍሉም፣ መምህርቷ እንዳስለመደችው፣ አጨበጨበ።