ክርኑ የተቀደደ ሸሚዝ

ከማኅበሩ እህቶች አንዷ ታማ የስፌት ሥራዋ ለሌሎቹ ሲከፋፈል፣ ለሎቪና የባሏ ሸሚዝ ደረሳት። ትዳራቸውን ትተው፣ ወንድና ሴት ሳይጋቡ ተለያይተው የሚኖሩበት ሼከሮች የተባለ የሃይማኖት ማኅበር ከገቡ ወዲህ እሱ ወንድም ኤሊሁ፣ እሷ እህት ሎቪና ነበሩ። ወደ ጸሎት ቤቱ የሚገቡት በየራሳቸው በር ነበር፤ ልብሱን የምትሰፋለትም ይህችው የታመመችው እህት ነበረች። የሸሚዙ ቀኝ ክርን ሳስቶ ተቀዷል። አሁንም ሐሳብ ሲይዘው በቀኝ ክርኑ ጠረጴዛ ይደገፋል ማለት ነው።

ሳትቸኩል ጣፈችው። ስትጨርስ ክሩን ለመበጠስ መቀሱን ትታ ሸሚዙን ወደ አፏ አነሳች።

«ኧረ እህት ሎቪና! መቀስ አጠገብሽ እያለ እንደ አይጥ በጥርስሽ?» አለቻት ጎኗ የተቀመጠችው ወጣት፣ ሳቋን እያፈነች።

«ደንዟል።»

«ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ ያስሞረድኩት?» አሉ የስፌት ክፍሉ ኃላፊ የሆኑት አሮጊት። ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መርፌያቸው መለሱ።

ሎቪና ክሩን በጥርሷ ይዛ ፊቷን ጨርቁ ውስጥ ቀበረች፤ ዓይኗን ጨፍናም የሸሚዙን ጠረን በረጅሙ ሳበች። የሸተታት ግን እሷው ራሷ ለማኅበሩ ሁሉ የቀቀለችው ሳሙና ብቻ ነበር።