የዋንዛ ካርድ

ሽብሩ የጅማ አናጺ ነው። የከተማው ባዛር ሲቃረብ፣ ያየው ሰው ሁሉ የማይረሳው ቢዝነስ ካርድ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ስስ የዋንዛ ጣውላ ቆርጦ ስሙን፣ ዘመናዊ አናጺ መሆኑንና ስልኩን በመሮ ፈለፈለበት፤ ከመጀመሪያው እየገለበጠ መቶ ሠራ። ሚስቱ አንዱን አገላብጣ አየችና «ካርድ ነው መክተፊያ?» አለችው።

ባዛሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ሁሉንም አደለ። ከዚያ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ወር ሙሉ የደወሉለት አማቱ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ገብቶ፣ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ከእግሩ ሥር የተሸጎጠውን ነገር ጎንበስ ብሎ ቢያይ የገዛ ስሙን አነበበ። «ካርዱስ ሥራ አግኝቷል» ብሎ በራሱ ሳቀ።

በሁለተኛው ወር አንድ እናት ደወሉ፤ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። «ካርድህን አንብቤ ነው፤ ቁም ሣጥን እፈልጋለሁ» አሉት። ሽብሩ ሜትሩን ይዞ እየሮጠ ሄደ። በሩን ሲከፍቱለት እጃቸው ግድግዳውን ይዳብሳል፤ ዓይናቸው አያይም።

«እትዬ፣ ካርዱን ማን አነበበልዎ?»

«ማንም። ዓይኔን ካጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሰው ካርድ ሁሉ የሚያነብልኝ ይጠብቃል። ያንተን ግን በጣቴ ራሴ ጨረስኩት።»

የሽብሩ ዓይን እንባ አቀረረ። መቼም ሊያመሰግኑኝ ነው ብሎ ቀና አለ።

«ግን ልጄ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «‹ዘመናዊ› የሚለውን ‹ዘመነዊ› ብለህ ነው የጻፍከው። እስካሁን ማንም አልነገረህም?»