የተከበሩት የጉዞ ወጪ

የሰውየው እናት ሲሞቱ የተከበሩ አቶ ወርቅአገኘሁ ለቅሶ አልደረሱለትም። ከእሱ ጋር አጥር ተጋርተው ያደጉ የሠፈሩ ልጅ ናቸው፤ ሰው ቢልክባቸው «እደርሳለሁ» ብለው በዚያው ቀሩ። ቂሙን እንደ ጥርስ ሕመም ሲያስታምም ኖሮ፣ ዛሬ የምርጫ ክርክሩ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

አወያዩ የሁለቱን ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ወጪ አነጻጸረ። በቢሮ ወጪ ይቀራረባሉ። በጉዞ ግን የባለ መሰላሉ ፓርቲ ተመራጭ፣ የተከበሩ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ የባለ ጃንጥላውን ሦስት እጥፍ ወስደዋል።

ሰውየው ድምፅ ማጉያውን ከአስተናባሪዋ እጅ መንጭቆ ተነሣ።

«ክቡርነትዎ፣ ባለ ጃንጥላው በእግሩ እየኳተነ ሲጠይቀን፣ እርስዎ በእኛ ስም የዞሩት የት አገር ነው? እኛ እንደሆን ጥላዎንም አላየን!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሰውየው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

እሳቸው ወንበር ካገኙ ወዲህ መልኩን ረስተውታል። መነጽራቸውን አውልቀው በኀዘን ድምፅ መለሱ።

«ወንድሜ፣ የምሄደው ለሕዝቤ ለቅሶ ነው! እዚሁ ቀበሌ፣ የልጅነት ጎረቤቴ ምንተስኖት ያረፈ ጊዜ፣ ጭቃው መኪና አላስገባ ቢል በቅሎ ተከራይቼ ነው የደረስኩት። አስከሬኑን በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜ ቀብሬዋለሁ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጠያቂው አዞረ።

እሱም ነጠላውን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቆ ለበሰና መድረኩ ላይ ወጣ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ጨበጠ፤ ድምፅ ማጉያውንም ወደ አፉ አስጠጋ።

«የእናቴን ቢቀሩም የራሴን ለቅሶ ስለደረሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ክቡርነትዎ።»