በቃሬዛ የገባ ተጓዥ

የወፍ ዋሻን ጫካ አቋርጠን ወደ ጥንታዊው የድንጋይ መንደር ስንጓዝ፣ «ይሄ ለእኔ ቁርስ ነው» እያልኩ ከሁሉም ፊት ፊት እሮጥ ነበር። ብዙም ሳልርቅ እርጥብ የጥድ ሥር አንሸራተተኝና እግሬ ወለም አለ። «ኤሊዎች» እያልኩ ስቀልድባቸው የነበሩት ጓደኞቼ እንጨት ቆርጠው፣ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙኝ። ሰው እንዳያየኝ አፍሬ በጋቢዬ እስከ አናቴ ተሸፈንኩ።

መንደሩ አፋፍ ላይ ስንደርስ ዋይታ ተነሣ።

«ኧረ እግሩን ነው! አልሞተም!» ይላሉ ጓደኞቼ። ማን ይስማቸው!

«የእማማ ጥሩወርቅ ልጅ ነው መሰል፤ ያ የዘመተው» አለች አንዷ።

ወዲያው አንዲት እናት «ደረብዬ! ልጄ!» እያሉ ሰዉን ጥሰው መጡና ጋቢውን ከፊቴ ገፈፉት። ዓይን ለዓይን ተፋጠጥን። «እንደምን ዋሉ፣ እማማ?» አልኩ።

«የኔ አይደለም!» ብለው ጮኹ። «ሰዎች፣ የኔ ደረበ አይደለም!»

እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ ተንበርክከው ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ጭቃ የለበሰ ጫማዬን ሳይቀር እያገላበጡ ሳሙኝ።