ቢላዋውን ሳጥኑ ውስጥ ማን አስቀመጠው?

"ይሄ ፋይል ከተዘጋ እኮ ስድስት ዓመቱ ነው... ምን ልሁን ብለህ ነው የምትከፍተው?"

አለቃው ቀና ብሎ እንኳን አላየውም።

መርማሪው ግን ከበሩ ላይ ንቅንቅ አላለም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል... ጡረታ ሊወጣ የቀረው አንድ ዓመት ነው። ባልደረቦቹ "መዶሻ" ይሉታል፤ እጁ የገባ ተጠርጣሪ ሳይፈረድበት አይወጣምና።

ባለፈው ሳምንት በሌላ ወንጀል የተያዘ ሰው ሳይጠየቅ ስለ ድሮው የመጋዘን ግድያ አወራ። ዘበኛውን የገደልኩት እኔ ነኝ አለ። በየትኛው በር እንደገባ፣ ሬሳውን በምን ሸራ እንደሸፈነው... አንድም ሳያስቀር።

በዚያ ግድያ ግን የመጋዘኑን መኪኖች የሚጠግን መካኒክ አስራ አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። ደም የነካው ቢላዋ የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ ተገኝቶ...

"ተወው ወንድሜ" አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ልጅህን ልትድር አይደል እንዴ? በሰላም ጡረታህን ውጣ።"

"ደክሞኛል" አለ መርማሪው።

ፋይሉን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወደ ዐቃቤ ሕጓ ቢሮ ሄደ።

ዐቃቤ ሕጓ ገጽ በገጽ አነበበችው... መነጽሯን አወለቀች።

"መካኒኩ ንጹሕ ከሆነ፣ ቢላዋውን ሳጥኑ ውስጥ ማን አስቀመጠው?"

"እኔ።"

...

"ከሬሳው አጠገብ ያነሳሁት እኔ ነኝ። መካኒኩና ዘበኛው ተጣልተው ስለነበር ገዳዩ እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማስረጃ ጎደለኝና... ሞላሁት።"

ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገችለት። ጻፈ። ፈረመ።

መካኒኩ ተፈታ። መርማሪው ታሰረ። ልጁን አጎቷ ዳራት።

አንድ ቀን ጠዋት "ጠያቂ መጥቶልሃል" ተባለ።

ከሽቦው ማዶ የቆመው መካኒኩ ነበር።

"ይቅርታ የምጠይቅህበት አፍ የለኝም" አለ መርማሪው።

"አትጠይቀኝ። ገና አልበረደልኝም። እናቴን እንኳን አልቀበርኩም።"

"ታዲያ... ለምን መጣህ?"

መካኒኩ ሽቦውን ያዝ አደረገ።

"ሚስቴ እንኳን አንዴ ስታምነኝ፣ አንዴ ስትጠራጠረኝ ነው የኖረችው። ቢላዋው ሳጥኔ ውስጥ እንዳልነበረ እርግጠኛ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ይናገራል እያልኩ የጠበቅኩት አንተን ነው።"

ሽቦውን ለቀቀው።

"ዘገየህ... ግን ተናገርክ። ይሄንኑ ልነግርህ ነው።"

ወዳጆቼ... የመርማሪው እውነት ለመካኒኩ ያለፉትን ስድስት ዓመታት አልመለሰለትም። የቀሩትን ዘጠኙን ግን አትርፎለታል። ጥፋታችሁን ለመናገር "አሁንማ መሽቷል" አትበሉ።

እናንተ መካኒኩን ብትሆኑ ልትጠይቁት ትሄዱ ነበር? እስቲ ከልባችሁ ጻፉልኝ...