የቢጫዋ ድሪያ ብርሃን

አባዬ ካረፈ ወዲህ የሳሎናችን መጋረጃ ተከፍቶ አያውቅም። በብርሃን ተቀርጾ ክፍል ውስጥ እንደገና የሚዘረጋ የተቀዳ ቀን የሚታየው ጨለማ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ እማዬ የድሬዳዋን ፀሐይ ደጅ አስቁማ ምሳዋን የምትበላው በአንድ የድሮ እሑድ ውስጥ ነው። አባዬ ሶፋው ላይ ይስቃል፤ አጠገቡ የዚያን ጊዜዋ እማዬ ቢጫ ድሪያ ለብሳ አኩርፋለች።

ዛሬ እማዬ የተቀዱ ቀኖችን ብርሃን የምታስተካክለውን ራምላን አስጠራቻት።

"ልጄ፣ ከዚህ ቀን ውስጥ እኔን አውጪኝ። ፊቴን እስቲ እዪው፤ በማይረባ ነገር ተኮሳትሬ። እሱ ብቻውን ይሳቅ።"

ራምላ አወጣቻት። ወዲያው የአባዬ ፊት አመድ መሰለ፤ ሳቁም የበሽተኛ ሳቅ ሆነ።

"ምን አደረግሽው?" አለች እማዬ ደንግጣ።

በተቀዳ ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ብርሃን ለየብቻው ይቀመጣል። ራምላ የመስኮቱን ከፍ፣ የአምፖሉን ዝቅ እያደረገች ሞከረች። በጣቷ ንክኪ ክፍሉ ከረፋድ ወደ አመሻሽ ሲሻገር ፈዝዤ አየኋት። የአባዬ ፊት ግን አልተመለሰም። በመጨረሻ ሁሉንም አጥፍታ አንዱን ብቻ አበራች። የአባዬ ጉንጭ በጨለማው መሀል ወርቅ መሰለ።

"ይኼ ከመስኮቱ በቀጥታ የመጣ አይደለም፣ እማማ። ፀሐይዋ ድሪያዎ ላይ አርፋ ወደ እሳቸው የተመለሰችው ናት። እርስዎን ሳወጣ አብራ ወጣች። ከፈለጉ እርስዎን ትቼ እሷን ብቻ ልመልሳት እችላለሁ።"

እማዬ የበራውን ጉንጭ ብዙ አየችው።

"ተይ፣ እኔንም መልሺኝ" አለች። "ከነኩርፊያዬ።"