በበልግ የተጣለ መረብ

በልግ ሲገባ ዓሣው ሊራባ ወደ ሐይቁ ዳር ይጠጋል፤ ያን ጊዜ መረብ መጣል ክልክል ነው። የሐይቁ ጠባቂ ኤካሶ ያን ጠዋት ከደንገሉ ሥር ጎትቶ ያወጣው መረብ ግን ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ቆሮሶ ዓሣ ሞልቶት ነበር።

ድሮም ተናዶ ነው ከቤት የወጣው። ሸበጡ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሚስቱን በጠየቃት ቁጥር «ውሻ ወስዶት ይሆናል» ትለዋለች።

«የዚህን መረብ ባለቤት ሳልይዝ ቤቴ ብገባ ሰው አይደለሁም!» ብሎ በዓሣ አስጋሪዎቹ ፊት ማለ።

ባልደረባው ዳንጎ መረቡን እየጠቀለለ «እንዲንሳፈፍላቸው የሸበጥ ቁራጭ አስረውበታል» አለው።

ኤካሶ አንዱን ቁራጭ አገላበጠው። ማሰሪያው የተበጠሰ ዕለት ራሱ የጠገነበት ቀይ ሽቦ እንዳለ ነው።

«ታዲያ ፍለጋውን ከየት እንጀምር?» አለ ዳንጎ።

«ከቤቴ።»